ሲጮኽ ሳይሆን ዝም ሲል ስጡት

ወገኖቼ፣ ስለ ውሻ ልጻፍ ስል አትሳቁ። የበረታችን ዘበኛ እሱ ነው። ጅብ ሲመጣ ከእኛ በፊት የሚሰማ፣ ሌባ ሲመጣ ከእኛ በፊት ሽታውን የሚለይ እሱ ነው።

ነገር ግን ቀን ከሌሊት የሚጮኽ ውሻ ዘበኛ አይሆንም። ለዶሮውም፣ ለነፋሱም፣ ለአላፊ አግዳሚውም ከጮኸ፣ ቤተሰቡ «ተዉት፣ ልማዱ ነው» ብሎ ይተኛል። አንድ ሌሊት ጅቡ የእውነት ይመጣል። ውሻው ይጮኻል። የሚነሣ ሰው የለም። ሲነጋ በግ ጎድሏል። ጥፋቱ የማን ነው? የውሻው ነው ትሉ ይሆናል። እኔ ግን የእኛ ነው እላለሁ።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባል የለ? እኛ ውሻው ሲጮኽ አንዳንዴ ድንጋይ እንወረውርበታለን። አንዳንዴ ደግሞ ዝም እንዲል ፍርፋሪ እንጥልለታለን። ድንጋዩ ፍርሃት ይጨምርበታል፤ የፈራ ውሻ አብዝቶ ይጮኻል። ፍርፋሪው ደግሞ ሲጮኽ እንደሚበላ ያስተምረዋል። ብንቆጣውም አብረነው የምንጮኽ ይመስለዋል።

ታዲያ ምን ይሻላል?

አንደኛ፣ ምክንያቱን እዩ። ርቦት ነው? ጠምቶት ነው? ወይስ ቀኑን ሙሉ ታስሮ ውሎ? ታስሮ የሚውል ውሻ ባየው ነገር ሁሉ ላይ ይጮኻል። ከእናንተ ጋር ይውጣ፣ እግሩን ያፍታታ።

ሁለተኛ፣ ሰው ሲመጣ 2 ወይም 3 ጊዜ ይጩኽ። ሥራው ነው። ከዚያ ወጥታችሁ እዩ። ረጋ ባለ ድምፅ «በቃ» በሉት። አትጩኹበት። ዝም እስኪል ጠብቁ። ዝም እንዳለ ወዲያው ቁራሽ እንጀራ ስጡት። በመጀመሪያው ቀን ለአንድ ትንፋሽ ያህል ዝም ቢል ይበቃል። በማግስቱ ትንሽ ቆይታችሁ ስጡት። እንዲህ እያላችሁ ጊዜውን አስረዝሙት።

ሦስተኛ፣ ቤተሰቡ ሁሉ አንድ ቃል ይያዝ። አባት «በቃ» ሲል ልጅ በዱላ ካባረረው፣ ውሻው የማንን ይስማ?

አንድ ነገር ግን ለዩ። የውሻው ጠባይ በድንገት ከተለወጠ፣ ድምፁ ከጎረነነ፣ ለሃጩ ከተዝረበረበ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። አትቅረቡት። ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሩ። የተነከሰ ሰው ካለ ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይታጠብ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ይህ ትምህርት በአንድ ቀን አያልቅም፤ ሳምንታት ይፈጃል። እኛስ «ሀ» ብለን ፊደል በቆጠርን ዕለት መች አነበብን? ቀስ በቀስ ነው የለመድነው። ውሻውም እንዲሁ ነው።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ውሻችሁ ሲጮኽ ድንጋይ አታንሡ። ቁራሽ ይዛችሁ ውጡ። በምክንያት ብቻ የሚጮኽ ውሻ ሲጮኽ፣ ቤቱ ሁሉ ይነሣል። በጉም ከጅብ አፍ ይተርፋል።