ዕዳው ስንት እንደሆነ ቤት ውስጥ ማን ያውቃል?

ኅዳር ሲገባ የመስከረም ወጪ ሒሳቡን መጠየቅ ይጀምራል። የትምህርት ቤት ክፍያው፣ ዩኒፎርሙና ደብተሩ፣ የእንቁጣጣሹ በግ፣ የመስቀሉ ቅርጫ፣ ደመወዝ የሌለባት ጳጉሜ፤ ያኔ ሁሉም በብድርም በዱቤም ተሸፍኖ አልፏል። አሁን መክፈያው ደርሷል። ዕዳ መክፈል ስለ መጀመር ብዙ ይባላል፤ እኛ ዛሬ ከእርስዎ ጋር የምናወራው ከጀመሩ በኋላ፣ ስድስተኛው ወይም ሰባተኛው ወር ላይ ልብ ስለሚዝልበት ጊዜ ነው።

ልብ የሚዝለው ሁልጊዜ ገንዘብ ስላነሰ አይደለም። በብዙ ቤት ባል ብቻውን የሚያውቀው ዕዳ አለ፤ ሚስትም ብቻዋን የምታውቀው አለ። ለእህት የሚመለስ ገንዘብ፣ ከመሥሪያ ቤቱ የቁጠባና ብድር ማኅበር ተወስዶ በየወሩ ከደመወዝ የሚቆረጥ፣ ሠፈር ሱቅ የዱቤ ደብተር ላይ የሰፈረ፣ በስልክ የተወሰደ የቴሌብር መላ። አንድ ላይ ተደምረው አያውቁም። አብዛኛውን ጊዜ የሚደበቁትም በክፋት ሳይሆን አንዱ ሌላውን ላለማስጨነቅ ብሎ ነው። ውጤቱ ግን ያው ነው። ዕዳውን የሚያውቀው ሰው ወጪ ሲቀንስ የማያውቀው ቆጥቋጣ ሆነብኝ ይላል። ልጆቹም የለመዱት ነገር ለምን እንደቀረ አይገባቸውም። ብቻውን የሚቆጥብ ሰው ደግሞ ብዙ አይዘልቅም።

ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ምሽት ይመድቡ። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ቢሆን ይሻላል። ማን እንዳበደረ፣ ስንት እንደቀረ፣ በወር ስንት እንደሚከፈል፣ ወለዱ ስንት እንደሆነና መቼ እንደሚያልቅ በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ። ያን ምሽት “ለምን ተበደርሽ? ለምን ተበደርክ?” የሚል ጥያቄ አይነሣ፤ ከተነሣ ወረቀቱ አይሞላም። ያበደረዎት ተቋም ከሆነ ደግሞ በማግስቱ ደውለው ወለዱ የሚሰላው በቀረው ዕዳ ላይ ነው ወይስ መጀመሪያ በተወሰደው ብድር ላይ ብለው ይጠይቁ። ሁለተኛው ከሆነ ዕዳው በግማሽ ቢቀንስም ወለዱ ንቅንቅ አይልም፤ “ትንሽ ወለድ ነው” የተባለው ቁጥርም ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው። ከጊዜው በፊት መክፈል ቅጣት እንዳለውም አብረው ይጠይቁ።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። 100 ሺህ ብር በ18 ከመቶ ዓመታዊ ወለድ ተበድረዋል እንበል፤ ወለዱም በቀሪው ዕዳ ላይ የሚሰላ ነው። የመጀመሪያው ወር ወለድ ብቻ 1,500 ብር ይሆናል። በወር 2,500 ብር ሲከፍሉ ከዋናው ዕዳ የሚነሣው 1,000 ብር ብቻ ነው ማለት ነው። ግማሽ ዓመት ከፍሎ ወረቀቱን ሲያይ ዕዳው ከ93 ሺህ በታች አለመውረዱን የሚያነብ ሰው ተስፋ ቢቆርጥ አይፈረድበትም። በዚህ አካሄድ ለመጨረስ 5 ዓመት ከ2 ወር ገደማ ይፈጃል። 1,000 ብር ጨምረው በወር 3,500 ቢከፍሉ ግን በ3 ዓመት ከ2 ወር ያልቃል፤ ወደ 22 ሺህ ብር የሚጠጋ ወለድም ይቀርልዎታል። የተጨመረችው ብር ሙሉ በሙሉ ዋናውን ዕዳ ስለምትነካ ነው።

“ብሩ እየረከሰ ዕዳ ለመክፈል መጣደፍ ሞኝነት ነው” የሚሉም አሉ፤ በተለይ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ። ሐሳቡ ጭራሽ ባዶ አይደለም። የሚሠራው ግን ገቢዎ ከዋጋው ጋር እኩል ለሚያድግ ለእርስዎ ከሆነ ነው። ደመወዙ ባለበት ቆሞ የጤፉ ዋጋ ብቻ ለሚጨምርበት ቤት የወሩ ክፍያ ቀለል አይልም።

ብዙ ዕዳ ካለ የቱ ይቅደም? ሒሳብ የሚለው ከፍተኛ ወለድ ያለው ይቅደም ነው። የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲዎቹ ዴቪድ ጋልና ብሌክሊ ማክሼን እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት ግን አንድ ነገር አስተውለዋል፤ ከበርካታ ዕዳዎቻቸው አንዱን ሙሉ በሙሉ መዝጋት የቻሉ ሰዎች የቀረውንም ከፍለው የመጨረስ ዕድላቸው ከፍ ያለ ነበር። የዚህ አምድ አቋም ከሁለቱ ትንሽ ለየት ይላል፤ የሱቁ ዱቤ ይቅደም። ወለድ የለውም፣ መጠኑም ትንሽ ነው፤ ነገር ግን በየወሩ የሚታደስ ዕዳ እሱ ነው። ደብተር ላይ የሚጻፍ ዘይትና ስኳር ዋጋው አይጠየቅም፣ አይከራከሩበትም። ዱቤው ከተዘጋ በኋላ ወደ ትልቁ ወለድ ይሂዱ። ከእህት ወይም ከጓደኛ የተወሰደው በሒሳቡ መጨረሻ ቢሆንም፣ መቼ እንደሚመለስ ቀኑ ዛሬውኑ ይነገራቸው።

ዕቁብ የሚጥሉ ከሆነ አንድ ነገር ያስተውሉ። ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ሰው ከዕቁብተኛው ያለ ወለድ ተበድሯል፤ መጨረሻ የሚደርሰው ደግሞ ሲቆጥብ ቆይቷል። ቀድሞ ከወጣልዎት ወለድ ያለበትን ዕዳ ለመዝጋት ከዚህ የተሻለ ገንዘብ አያገኙም። ችግሩ ዕጣው በወጣ ማግስት ሶፋው ማርጀቱ ትዝ ማለቱ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ የት እንደሚገባ ዕጣው ሳይወጣ ይወሰን፤ ያም በወረቀቱ ላይ ይጻፍ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ከተሜ ቤተሰብ ሲቆጥብ መጀመሪያ የሚመታው ማኪያቶውን ነው። ማኪያቶ ቤት አላፈረሰም። ጥር ግን እየመጣ ነው፤ ሰርጉ፣ መልሱ፣ የሚዜ ልብሱ፣ ለሙሽሮቹ የሚዋጣው። አንድ ቅዳሜ የሦስት ወር ቁጠባ ይዞ ይሄዳል፤ የሚወስደውም ይሉኝታ ነው። ዕድርዎን አይንኩ፣ ለቅሶ አይቅሩ፤ እነዚህ ወጪ ከመሆናቸው በፊት መደገፊያ ናቸው። ሰርግ ላይ ግን መገኘትና ማውጣት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቀደም ብለው፣ አዋጡ ከመባሉ በፊት፣ “ዘንድሮ ብድር እየከፈልን ነው፤ በጉልበታችን እንገኛለን” ይበሉ። ዋዜማውን ሽንኩርት የከተፈች አክስት ከስጦታው በላይ ትታወሳለች። ይህን ማለት ባልና ሚስት አስቀድመው ካልተስማሙ ግን አይሞከርም። አንዱ “አንችልም” ሲል ሌላው በኋላ በር ፖስታ ከላከ ነገሩ ፈርሷል።

ልጆችዎ ከስምንት ዓመት በላይ ከሆኑ ሙሉ ቁጥሩን ባይሰሙም ጉዳዩን ይወቁት። በቁም ሳጥኑ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ፣ እንግዳ በማያየው ቦታ፣ የቀሩትን ወራት ያህል ሳጥኖች ያሏት ወረቀት ይለጥፉ። ክፍያው በተፈጸመበት ቀን አንዱን ሳጥን ልጁ ቀለም ይቀባ። 38 ሳጥን ብዙ ይመስላል፤ ስድስት ከተቀቡ በኋላ ግን የባንኩ ወረቀት የማያሳየውን ያሳያል።

መቼ ማረፍ እንደሚፈቀድም ይወስኑ። እያንዳንዷ ብር ለዕዳ ከዋለች አራተኛው ወር ላይ አንድ ሰው ተናዶ የማይሆን ነገር ይገዛል። ትንሽም ብትሆን ለቤቱ ደስታ የተለየች ገንዘብ ትኑር። በቤትዎ የነቢያት ጾም የሚጾም ከሆነ ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና የሥጋ፣ የወተትና የእንቁላል ወጪ ይቀራል። ቤተሰቡ ወዶ የሚያደርገው ቁጠባ ስለሆነ ጭቅጭቅ የለውም። ያ ገንዘብ ግን በራሱ አይጠራቀምም። በየሳምንቱ ለይተው ካላስቀመጡት በሌላ ነገር ይሄዳል፤ ለገና የሚገዛው በግም እንደገና በብድር ይሆናል።

አንድ ነገር ልጨምር። ለአብዛኞቻችን ብድር የተገኘው በዋስ ነው። ያ የሥራ ባልደረባ ወይም ዘመድ የደመወዙን ማስረጃ ያስያዘው ለእርስዎ ነው፤ የእርስዎ ዕዳ እስኪዘጋ ድረስ እሱ ለራሱ ጉዳይ መበደር ሊቸገር ይችላል። የመጨረሻዋን ክፍያ የፈጸሙ ቀን ያበደረዎትን ተቋም ክሊራንስ ይጠይቁ፤ የዋሱ ግዴታ መነሣቱም በጽሑፍ ይሰጥዎ። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ያስወጡ፤ አንዱን ለዋስዎ ራስዎ ይዘውለት ይሂዱ።