በሰማንያ ቀኗ ትመዝገብ

ከጥምቀት ማግስት ዐቢይ ጾም እስኪገባ ያሉት ሳምንታት በዋግ ኽምራ፣ በደሃና ወረዳ፣ የሠርግ ወራት ናቸው። መምህሩ ስም ይጠራል፤ ከመሃል ወንበር መልስ የለም። ጓደኞቿ አንገታቸውን ይደፋሉ። ከሰዓት በኋላ ከቀበሌ ሰው ጋር ወደ ወላጆቿ ቤት ቢሄድ ጠላው ተጠምቆ፣ እንጀራው ተጋግሮ ያገኘዋል። ድግሱ «የዝክር ነው» ይባላል። ዕድሜዋን ሲጠይቅ «ዐሥራ ስምንት ሞልቷታል» ይሉታል። የሰባተኛ ክፍል ልጅ ናት፤ ግን በምን ያስተባብላቸው? የተጻፈ ነገር የለም። ተሰናብቶ ይመለሳል።

በሕግ በኩል የያለዕድሜ ጋብቻ ነገር ካለቀ ቆይቷል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድትዳር ይፈቅድ ነበር፤ ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎ ሚስት እንድትታዘዘውም ያዝዝ ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነፃና ሙሉ ፈቃድ ብቻ እንዲመሠረት ደነገገ። አሮጌው ሕግ ግን ከዚያም በኋላ አምስት ዓመት ያህል ሲሠራበት ቆየ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና ሌሎችም ከወተወቱ በኋላ፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የተሻሻለውን የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213ን፣ በ1992 ዓ.ም. አወጣ። የጋብቻ ዕድሜ ለወንድም ለሴትም 18 ሆነ።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግን ያ አዋጅ የወጣው ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ እንጂ ለደሃና እንዳልነበረ ነው። የቤተሰብ ሕግ ማውጣት የክልሎች ሥልጣን ነውና የደሃና ልጅ የአማራ ክልል ምክር ቤት አዋጅ ቁጥር 79ን እስኪያወጣ፣ እስከ 1995 ዓ.ም. መጠበቅ ነበረባት። ሦስት ዓመት ለሕግ አውጪ አጭር ነው። በ15 ዓመቷ ለታጨች ልጅ ግን 18 መሙያዋ ነው።

ቅጣቱም ተጽፏል። የ1997ቱ የወንጀል ሕግ 13 ዓመት ያልሞላትን ልጅ ያገባ እስከ 7 ዓመት፣ ከዚያ ከፍ ያለች ግን ለአቅመ ጋብቻ ያልደረሰች ያገባ እስከ 3 ዓመት ጽኑ እስራት እንደሚጠብቀው ይናገራል። ሆኖም በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በአገሪቱ ከ20 እስከ 24 ዓመት ካሉ ሴቶች 40 በመቶው 18 ሳይሞላቸው የተዳሩ ነበሩ። በዚያው ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ልደታቸው በመንግሥት መዝገብ የሰፈረው 3 በመቶው ብቻ ነበሩ። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ይህ ጋዜጣ ነጣጥሎ ማየት አይችልም።

ጋብቻን መንካት ለየትኛውም ፓርላማ ከባድ ነው። የደቡብ አፍሪካ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በኅዳር 1998 ዓ.ም. የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶችን ጋብቻ በተመለከተ ሕጉን እንዲያስተካክል ለፓርላማው 12 ወር ሰጠው፤ አዲሱ ሕግ ቀነ ገደቡ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው ሥራ ላይ ዋለ። ያ ሕግ የፈቀደውን የኛ የወንጀል ሕግ ይከለክላል፤ የያዝነው ጉዳይም ሌላ ነው። ልብ ያልነው ቀኑን ነው፤ ማን እስከ መቼ እንደሚሠራ ተለይቶ ታውቋል። የኛ መንግሥት በሐምሌ 2006 ዓ.ም. ለንደን ላይ ያለዕድሜ ጋብቻን እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ለማስቀረት ቃል ገብቶ ነበር። ዓመቱ መጥቶ ሄደ። በየቀበሌው ተጠያቂው ማን እንደሆነ ግን አልተነገረም ነበር።

ልጃቸውን ያለዕድሜዋ የሚድሩ ወላጆች ክፉ አስበውላት አይደለም። ዋግ ጦርነትም ድርቅም ተፈራርቀውበታል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ማሳው ሲከዳ፣ ልጅቷን ለደህና ቤት መስጠት ለአባት የማዳን ያህል ነው የሚታየው። ይህን ጭንቀቱን በእስር ማስፈራራት ብቻውን አያቀለውም።

ስለዚህ የምንጠይቀው በደሃና አቅም ሊሠራ የሚችል ነገር ነው። ሴት ልጅ በተወለደች በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። ቄሱ አሉ፣ ክርስትና እናቷ አለች፣ ጎረቤቱ ሁሉ ምስክር ነው፤ እናቷም የወለደችበትን ዕለት እንደ ዳዊት ትደግመዋለች። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ደግሞ ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። ገና ዐሥር ቀን አለ። አራስ ቤት የከረመች እናት ሕፃን አዝላ፣ ገደል ወርዳ ገደል ወጥታ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት እንድትደርስ ከመጠበቅ፣ መዝጋቢው ደብተሩን ይዞ በክርስትናው ዕለት ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ይገኝ። በአካባቢው ቋንቋ በኽምጣኛ ያስረዳት፤ ምስክር ወረቀቱንም እጇ ላይ ያስጨብጣት።

ዛሬ ዐሥራ ሁለትና ዐሥራ ሦስት ዓመት የሆናቸው ልጆችም ይህን እስኪጠብቁ ሊተዉ አይገባም። የትምህርት ቤቱ መዝገብና የክርስትና ምስክሮች ቃል ተገናዝበው ዕድሜያቸው አሁኑኑ ይጻፍ። ለሽምግልና የሚላክ ሰው ስለ ጥሎሽ ከመነጋገሩ በፊት ያን ወረቀት ይጠይቅ፤ የነፍስ አባትም ሳያዩት አይባርኩ።

ሰቆጣ የሚገኘው የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ ምክር ቤት ይህን ተወያይቶበት፣ ለየቀበሌው ኃላፊና ቀን ቆርጦ ይወስን። የሰቆጣ ቃል ኪዳን የሕፃናትን መቀንጨር በ2030 እ.ኤ.አ. ለማስቆም የታወጀው በዚህች ከተማ ስም ነው፤ በ15 ዓመቷ የምትወልድ ልጅ እያለች ያ ቃል ኪዳን እንዴት ይፈጸማል? ከመጪው ጥምቀት በፊት ውሳኔው የደሃና ዋና ከተማ አምደወርቅ ይድረስ። መምህሩም ወደ ድግሱ ቤት ሲሄድ የሚያሳየው ወረቀት ይኑረው።