ንድቅና ሣዕር

በደብረ ኤልያስ የቅኔ ጉባኤ አንድ ተማሪ ጉባኤ ቃናውን ቆጥሮ ወደ የኔታ ሲቀርብ የሚጠብቀው ጥያቄ ነው። ቃሉ ከየትኛው ግስ ወጣ? አገባቡስ? ሰሙ የቱ ነው፣ ወርቁ የቱ? መልስ ካጣ ቅኔው ተነቅፎ ይመለስለታል፤ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ናትና ስህተት መደበቂያ የላትም። ደራሲው ሐዲስ አለማየሁም በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ደብሮች አንዱ ይህ ነው። ስለ ደብሩ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚወሳው ከዚህ የወጡት ደራሲያን ናቸው። እኔ ግን ደብረ ኤልያስን የታሪክ ትምህርት ቤትም አድርጌ አየዋለሁ። የጥንቷን አፍሪካ ታሪክ የሚያስተምር ሰው ሥልጠናው ከዚህ ጉባኤ ቢጀምር፣ ካልሆነም እዚህ ሳይደርስ ባያልቅ እላለሁ።

አንድ ድንጋይ እንይ። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሥ ኢዛና በኖባ ላይ የዘመተውን ዘመቻ በግዕዝ አስቀርጿል። ጽሑፉ በተከዜ ስለ ተደረገው ውጊያ፣ ከዚያም ስለ ካሱ አገር፣ ዛሬ ሱዳን ውስጥ ስላለው የመርዌ ምድር ይናገራል። ከተሞቹንም ለይቶ ይጠራል፤ የንድቅ ከተሞች፣ የሣዕር ከተሞች። የደብረ ኤልያስ ተማሪ ‹‹ነደቀ›› ገነባ ማለት መሆኑን ከዳዊቱ ያውቃል፤ ሣዕር ደግሞ የሚያድርበት ጎጆ ክዳን ነው። ጽሑፉ ኖባዎች የንድቁን ከተሞች ከካሱ እንደ ነጠቁም ያመለክታል። እንግዲህ በሁለት ቃላት ውስጥ የአንድ ትልቅ የአፍሪካ መንግሥት ውድቀት ተቀምጧል፤ ግንበኛው ሌላ፣ ነዋሪው ሌላ ሆኗል። ንድቁን ‹‹ከተማ›› ብሎ በጥቅሉ የሚያልፍ አንባቢ ይህን ሁሉ ያጣዋል።

የታሪክ ምሁሩ ዶክተር ሥርግው ሀብለ ሥላሴ ይህን ዓይነት ንባብ ሕይወታቸው ያደረጉ ሰው ነበሩ። በ1964 እ.ኤ.አ. ቦን ላይ ያቀረቡት የዶክትሬት ጽሑፍ ኢትዮጵያ ከግሪክና ከሮም ዓለም ጋር የነበራትን ግንኙነት የሚመለከት ነው። በ1972 እ.ኤ.አ. እስከ 1270 ያለውን ጥንታዊና መካከለኛ ታሪካችንን በአንድ መጽሐፍ አወጡ፤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲም አስተማሩ። ከሁሉ የምወድላቸው ግን በ1981 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ የመጽሐፍ አሠራር ያሳተሙት ጥናት ነው። ብራና ፋቂው፣ ቀለም በጥባጩ፣ ደጓሹ የታሪክ ሰዎች መሆናቸውን አውቀው ጻፉላቸው። በዚያው ዓመት በወጣው የዩኔስኮ የአፍሪካ ታሪክ 2ኛ ቅጽም የክርስቲያን አክሱምን ምዕራፍ የጻፉት ሌላው የታሪክ ጸሐፊያችን ተክለ ጻድቅ መኩሪያ ናቸው። አፍሪካ ታሪኳን ራሷ ስትጽፍ የእኛም እጅ ነበረበት።

ጉባኤው ብቻውን ይበቃል አልልም። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ክርስትናን የተቀበሉት ነገሥታት አብርሃና አጽብሓ ናቸው፤ ድንጋዩና ሳንቲሙ የሚሉት ደግሞ ኢዛና ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳንቲሞቹ ላይ ጨረቃና ፀሐይ ነበሩ፤ በኋለኞቹ መስቀል ተተካ። ይህን ለውጥ የሚያሳየው ከመሬት የወጣ ሳንቲም እንጂ ግስ አይደለም፤ ስለዚህ ቁፋሮም፣ ግሪክም፣ ሳባም ያስፈልጋል። ቢሆንም ወርቁን ከሰሙ መለየት የለመደ ሰው፣ ንጉሥ በድንጋይ ላይ ራሱን ሲያወድስ የትኛው ውዳሴ፣ የትኛው ወሬ እንደ ሆነ ቶሎ ይነቃል።

ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲና ደብረ ኤልያስ ጎረቤታሞች ናቸው። የታሪክ ተማሪ አንድ መንፈቅ ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ የግዕዙን ሰዋስው፣ እርባ ቅምርን፣ ይማር፤ የአክሱምን ጽሑፍ ቅጂ ይዞ ገብቶ ቃል በቃል ያንብብ። የኔታም የዩኒቨርሲቲ መምህር የሚከፈለው ይከፈላቸው። ዲግሪ የላቸውም የሚል መልስ ቢመጣ፣ ከጉባኤ ቃና ተነሥተው እስከ ረጅሙ ቅኔ፣ እስከ መወድስ፣ እስኪደርሱ የፈጀባቸው ዓመት ይቆጠርላቸው።