ለከዳ ወዳጅ ዋስ መሆን

ለንባብ፦ ወደ ፊልሞና 1፥8-21፤ ዘዳግም 21፥1-9፤ ምሳሌ 18፥17



እዚህ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ዓርብ ማታ የምንሰበሰብበት የቤት ኅብረት አለን። ከሥራ መልስ ተጋፍተን በሚኒባስ እንደርሳለን፣ ደረጃውን እያለከለክን እንወጣለን፣ እንዘምራለን፣ ቃሉን እናጠናለን፣ ሻይ ጠጥተን እንለያያለን። በቅርቡ ግን በአንዱ ዓርብ ፊልም አየን። ፊልሙ መንፈሳዊ አይደለም። ግድያ፣ መጠጥና ኀፍረት የሌለበት ነገር ሁሉ ያለበት የዓለም ፊልም ነው። ያመጣው ቪዲዮ በመሥራት የሚተዳደር ወጣት ወንድማችን ሲሆን ምክንያቱ አንድ ብቻ ነበር፤ "የእኛን ጉዳይ ይመስላል" አለን።

"የእኛ ጉዳይ" ያለውን አስቀድመን እንናገር። ከመካከላችን አንድ ወንድም ለቅርብ ጓደኛው የዕቁብ ዋስ ሆኖ ፈርሞ ነበር። ጓደኛው ዕቁቡ ቀድሞ ደረሰው፣ ብሩን ወሰደ፣ ሁለት ወር ከፈለ፣ ከዚያ ስልኩን ዘጋ። የዕቁቡ ዳኛ ወደ ዋሱ መጣ። ወንድማችን ከደመወዙ እየቀነሰ ያልበላውን ዕዳ መክፈል ጀመረ። የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ እስኪያጓድል መድረሱን እንኳ ያወቅነው ዘግይተን ነው። ሲነግረን ምን አልነው? "ለጌታ ተወው፤ ይቅር በለው" አልነው። ጸለይንለት። ከዚያም ወደሚቀጥለው የጸሎት ርዕስ አለፍን።

ፊልሙ "ዘ ሎንግ ጉድባይ" ይባላል፤ "ረጅሙ ስንብት" እንደ ማለት ነው። ሬይመንድ ቻንድለር እ.ኤ.አ. በ1953 ካሳተመው የታወቀ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ተወስዶ፣ በዳይሬክተር ሮበርት አልትማን በ1973 ለእይታ የበቃ ነው። የፊልሙን ጽሑፍ ያዘጋጀችው ሊ ብራኬት ናት። እንዲህ ያለውን የፊልም ዓይነት ፈረንሳዮች "ፊልም ኗር" ይሉታል፤ ጥቁር ፊልም ማለት ነው። ጥላ የበዛበት፣ እጁ ንጹሕ የሆነ ሰው የሚጠፋበት ታሪክ ነው። አልትማን ግን መርማሪውን ፊሊፕ ማርሎን ከ1950ዎቹ አውጥቶ በ1970ዎቹ ሎስ አንጀለስ ውስጥ አቆመው። ኤሊየት ጉልድ የሚጫወተው ይህ ሰው ሃያ ዓመት ተኝቶ የነቃ ይመስላል። ክራቫቱን እንዳሰረ፣ ቃሉን እንደ ጠበቀ፣ ቃል በማይጠበቅበት ከተማ ይዞራል።

አንድ ሌሊት ጓደኛው ቴሪ ሌኖክስ ፊቱ ተቧጭሮ ይመጣና ወደ ሜክሲኮ ድንበር አድርሰኝ ይለዋል። ማርሎ ብዙ ሳይጠይቅ ያደርሰዋል። ሲመለስ ፖሊስ ይጠብቀዋል፤ የሌኖክስ ሚስት ተደብድባ ሞታለች። ማርሎ ጓደኛዬ ነፍሰ ገዳይ አይደለም ብሎ አፉን ይዘጋል፤ ስለዚህም 3 ቀን ይታሰራል። የሚለቁት ሌኖክስ ሜክሲኮ ውስጥ ራሱን አጠፋ ተብሎ ፋይሉ ሲዘጋ ነው። መዝገቡ በመዘጋቱ ሁሉም ተመቸው። ያልተመቸው ማርሎ ብቻ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንዲሉ፣ መጨረሻ ላይ ሁሉም ይገለጣል። ሌኖክስ አልሞተም። ሚስቱን የገደለው እሱ ነው። ሹማምንቱን በጉቦ ይዞ የሞቱን ወሬ አስነዛ፤ ማርሎንም እንደ ዕቃ ተጠቀመበት። ማርሎ ፈልጎ ሲያገኘው ጸጸት እንኳ አላየበትም። ሽጉጡን አውጥቶ ገደለው። ከዚያ ዛፍ በተሰለፈበት መንገድ ሃርሞኒካ እየነፋ ሄደ።

ጥይቱ ሲተኮስ ከእኛ መካከል አንዱ "እሰይ!" አለ። ሌላው አጨበጨበ። ሁለቱም አገልጋዮች ናቸው። ዋስ የሆነው ወንድማችን ግን ዝም ብሎ ቆየና "እኔም በልቤ ብዙ ጊዜ ተኩሻለሁ" አለ። ያን ምሽት ከዚህ በኋላ ያልነው ሁሉ ከዚህች ቃል የተነሣ ነው።

ፊልሙ የሚያሳየን የመጀመሪያው ኀጢአት ግድያው አይደለም፤ ትከሻ መንቀጥቀጥ ነው። ማርሎ በፊልሙ ውስጥ ለሚያየው ነገር ሁሉ "እኔን ምን ገደደኝ" በሚል መንፈስ ያልፋል። ጎረቤቶቹ ምን እንደሚያደርጉ ያያል፤ ምን ገደደኝ። ፖሊስ ያላግጥበታል፤ ምን ገደደኝ። እኛም በኮንዶሚኒየም ኑሯችን ይህን ተምረናል። ውሃ ሲጠፋ በአንድ ደረጃ ጀሪካን ይዘን እንወጣለን፤ ከግድግዳው ማዶ የሚለቀሰውን ግን አንሰማም፤ ብንሰማም "ሆድ ይፍጀው" እንላለን። የከፋው ደግሞ "ምን ገደደኝ" የሚለውን ቃል "ለጌታ ተወው" በሚል መንፈሳዊ ልብስ ማልበሳችን ነው። ለወንድማችን የሰጠነው ምክር ይህ ነበር። ፋይሉን ዘጋንበት።

እግዚአብሔር ፋይል እንዲህ አይዘጋም። በዘፍጥረት 4 ቃየን ወንድሙን ከገደለ በኋላ እግዚአብሔር ያደረገው የመጀመሪያ ነገር መጠየቅ ነው፤ ወንድምህ የት አለ ብሎ። ቃየንም የመለሰው "ምን ገደደኝ" የሚል ዓይነት መልስ ነው። በ1ኛ ነገሥት 21 ናቡቴ በሐሰት ምስክርና በማኅተም በታተመ ደብዳቤ ተገደለ። በከተማው መዝገብ ጉዳዩ አልቋል። ጌታ ግን ኤልያስን ወደ ወይን ቦታው ላከው። ዘዳግም 21 ደግሞ ገዳዩ ሳይታወቅ ሬሳ በሜዳ ቢገኝ፣ ሽማግሌዎቹ ወጥተው በዙሪያው እስካሉት ከተሞች ያለውን ርቀት እንዲለኩ ያዝዛል። የቅርቡ ከተማ በደሙ ፊት ይቆማል። ማንም "እኔ አላየሁም" ብሎ ቤቱ አይገባም።

አባቶቻችንም ይህን የሚመስል ሥርዓት ነበራቸው። ስርቆት ወይም ቃጠሎ ደርሶ አድራጊው ሲጠፋ፣ የአካባቢው ሰው በአውጫጭኝ ወይም በአፈርሳታ ይሰበሰብ ነበር። የቀረ ይቀጣል፤ የተሰበሰበው ሰው ጉዳዩ እስኪጣራ ሥራ ፈቶ ይቀመጣል፤ በደለኛው ካልተገኘም የተጎዳውን ሰው አገሬው ይክስ ነበር። ሥርዓቱ አድካሚ ነበር፤ ንጹሑንም ከበደለኛው ጋር ያንገላታ ነበር። ሆኖም አንድ ነገር ያውቅ ነበር፤ የአንዱ መበደል የሁሉም ጉዳይ መሆኑን። የማርሎ ከተማ ያጣችው ይህንን ነው። የእኛም ኅብረት ሊያጣው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። "እውነቱ ይውጣ" ማለት በማናቸውም መንገድ ይውጣ ማለት አይደለም። በአገራችን ሌባሻይ የሚባል ነገር ነበር። ለአንድ ልጅ መድኀኒት አጠጥተው በገመድ ይዘው ይለቁታል፤ ልጁ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። በዚህ ምክንያት ስንት ንጹሕ ሰው እንደተቀጣ እግዚአብሔር ያውቃል። ይህ ልማድ ቀርቷል እንላለን፤ ዛሬ ግን "ነቢዩ ሌባውን አይቶታል" ሲባል ሮጠን የምንሄድ ስንት ነን? የኛም ሰው ጓደኛው ከጠፋ በኋላ ወደ አንድ አገልጋይ ዘንድ እንዲሄድ መክረውት ነበር። ሌባሻይ ኮትና ክራቫት ቢለብስ ያው ሌባሻይ ነው። ቃሉ በሁለት ወይም በሦስት ምስክር ይጽና ይላል። ምሳሌ 18፥17 ደግሞ አስቀድሞ የተናገረው ጻድቅ ቢመስልም ባልንጀራው መጥቶ እንደሚመረምረው ያስተምራል። እንግዲህ መመርመር ከእምነት ማነስ የሚመጣ አይደለም። መታዘዝ ነው።

አሁን ወደ ጥይቱ እንምጣ። "እሰይ" ያልነው ለምንድን ነው? ፍትሕ ስለመሰለን ነው። ግን ጥይቱ ለሞተችው ሴት ምን መለሰላት? ምንም። ማርሎ በመጨረሻ የተበቀለው ለራሱ ነው፤ ለተታለለው ልቡ ነው። ደም መመለስ በአገራችን ቤት ስንቱን ቤተሰብ እንዳፈረሰ የምናውቅ ሰዎች በዚህ ልንሸነገል አይገባም። ሮሜ 12፥19 በቀልን ለጌታ እንድንተው ያዘናል። መተው የተባልነው በቀልን ነው እንጂ እውነትን አይደለም። ይህን ልዩነት ባለማስተዋላችን ወንድማችንን ሁለት ጊዜ በደልነው፤ እውነቱን እንዲተው መከርነው፤ በቀሉ ግን በልቡ ውስጥ ሲብላላ ዝም አልን።

የሚገርመው የመጽሐፉ መጨረሻ ከፊልሙ የተለየ ነው። በቻንድለር ልብ ወለድ ሚስቲቱን የገደለችው ሌላ ሴት ናት፤ ሌኖክስም በሐኪም እጅ ፊቱን አስለውጦ ወደ ማርሎ ቢሮ ይመጣል። ማርሎ ያውቀዋል። አይገድለውም፤ ወዳጅነቱን ግን አይቀበለውም፤ ያሰናብተዋል። ከጥይቱ ይልቅ ይህ ንጹሕ ነው። ብዙዎቻችን "ይቅር ብዬዋለሁ፣ ግን ዓይኑን እንዳላየው" የምንለው ይኸው ነው። አንዳንዴም ከዚህ በላይ የማይቻልበት ጊዜ አለ፤ በተለይ በዳዩ ገና እጁን ከበደል ባላነሣበት ቦታ። ቢሆንም በሁለቱም መጨረሻዎች ማርሎ ብቻውን ይቀራል። ዕዳውም እንዳለ ይቀራል።

ሦስተኛ መጨረሻ አለ። የተጻፈው በእስር ቤት ነው። ጳውሎስ ስለ ኮበለለው አናሲሞስ ለፊልሞና ሲጽፍ፣ ምንም አልሆነም አላለም። የበደለህ ወይም ያለበት ዕዳ ካለ ብሎ ጉዳዩን በስሙ ጠራው። ፊልሞናንም ዝም ብለህ ተወው አላለውም። አናሲሞስንም ደብቆ አላስቀረውም፤ በደለው ወደ ተባለው ሰው ደጅ መልሶ ላከው። ከዚያም ብዕሩን ራሱ ይዞ ዕዳውን በራሱ ላይ እንዲቆጥርበት ጻፈ፤ እኔ እከፍላለሁ ብሎ ፈረመ። ዋስ ሆነ ማለት ነው። እውነት አልተሸፈነም፤ ጥይት አልተተኮሰም፤ ዕዳው ግን ባለቤት አገኘ።

ምሳሌ 6 በብልኀት ለባልንጀራ ዋስ ከመሆን እንድንጠነቀቅ ይመክራል፤ ምክሩም ትክክል ነው። ማርሎ ማን እንደሆነ ላላወቀው ሰው ዋስ ሆነ፤ ወንድማችንም እንዲሁ። ዕብራውያን 7፥22 ግን ኢየሱስን ለሚሻል ኪዳን ዋስ ይለዋል። እርሱ ስለ እኛ ሲፈርም ማን እንደሆንን ያውቅ ነበር። እንደምንክድ፣ ስልካችንን እንደምንዘጋ፣ የእርሱን ምሕረት እንደ ዕቃ እንደምንጠቀም ያውቅ ነበር። አውቆ ፈረመ፤ ከፈለም። ፊልሙን ስናይ ራሳችንን በማርሎ ቦታ አስቀመጥን። ወንጌል ግን በሌኖክስ ቦታ ያስቀምጠናል። ይህ ሲገባን "እሰይ" ያልንበት አፍ ይደርቃል።

በሚቀጥለው ሳምንት ሦስት ሰዎች መርጠን ወደ ጓደኛው ቤተሰብ ላክን። ለማስፈራራት አልሄዱም፤ ለመጠየቅ ነው የሄዱት። ሁለት ጊዜ ሳያገኙት ተመለሱ። በሦስተኛው አገኙት። ዕዳውን በሰው ፊት አመነ፤ ምን እንዳደረገበትም ተናገረ፤ በየወሩ ጥቂት ጥቂት ሊከፍል በወረቀት ፈረመ። እስካሁን የከፈለው አንድ ጊዜ ነው። እንደገና ሊከዳን ይችላል። ከከዳም ወደ ሕግ መሄድ ለወንድማችን የተከለከለ እንዳልሆነ ነግረነዋል። የቀረውን የዕቁብ ክፍያ ግን ከዚህ በኋላ እሱ ብቻውን አይከፍልም፤ ተከፋፍለነዋል። ለአንዳችን የታክሲ ነው፣ ለሌላችን የበዓል ዶሮ። ጸሎታችን ዋጋ ሲያስከፍለን ከብዙ ጊዜ በኋላ የመጀመሪያው ነው።

"አማኝ እንዲህ ያለ ፊልም ያያል ወይ?" ብለው የሚጠይቁን ይኖራሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ፊልሙ ለልጆች አይሆንም፤ እዩትም አንልም። ነገር ግን ጳውሎስ በአቴና አደባባይ የአሕዛብን ባለቅኔዎች ቃል አውቆ እንደ ተናገረ በሐዋርያት ሥራ 17 እናነባለን። ጌታ ደግሞ በአህያ አፍም ተናግሯል። እኛ በስብከት ያልሰማነውን በአንድ ጥይት ድምፅ ሰማን፤ ይህም ያሳፍረናል።

ወገኖች ሆይ፣ በኅብረታችሁ ውስጥ "ለጌታ ተወው" ተብሎ ፋይሉ የተዘጋበት ሰው አለ? የተበደረ፣ የተካደ፣ የተደፈረ፣ ስሙ የጠፋ? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሄዳችሁ ጠይቁት። መጀመሪያ አድምጡ፤ ከዚያ መርምሩ፤ ከዚያ ከሸክሙ ውስጥ የእናንተን ድርሻ ውሰዱ።

ጌታ ሆይ፣ የወንድማችን ደም ከምድር ሲጮኽ ዝም ብለን አልፈናል፤ ይቅር በለን። እውነትን ለመፈለግ ድፍረት ስጠን። ሽጉጡን ከልባችን አውጣልን። ለእኛ ለከዳተኞቹ አውቀህ ዋስ እንደ ሆንህ እንድናስታውስ እርዳን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።

ተባረኩ።