ለመጻጉዕ የጐደለው ውኃ አልነበረም

በውጭ አገር ከመጠጥና ከአደንዛዥ ዕፅ ባርነት ሊወጣ የሚሻ ባለጠጋ በባሕር ዳር ወደ ታነጸ የሕክምና ቤት ይገባል። በመቐለ ከተማ በቀዳማይ ወያነ የሚኖር ሰው ግን ባሕር የለውም፤ ጸበል አለው፤ በከተማውም የዓይደር ሆስፒታል አለ። ነገር ግን ሁለት ወገኖች ይህን ድኩም በመካከል ይዘው ይጓተቱታል። አንደኛው፥ «ጸበል የገባ መድኃኒት አይንካ» ይላል፤ ሁለተኛው፥ «ከሐኪም በቀር ሌላው ከንቱ ነው» ይላል። ሁለቱም ስተዋል።

ፊተኛው ይስማ። ብዙ ዘመን አረቄ የጠጣ ሰው በድንገት ቢያቋርጥ፥ በጥቂት ሰዓትና ቀን ውስጥ እጁ ይንቀጠቀጣል፥ እንቅልፍ ይሸሸዋል፥ አንዳንዱም ይንዘፈዘፋል፥ የሌለውን ያያል፤ ሳይታከም ቢቀር እስከ ሞት ያደርሳል። ይህን አይቶ «ጋኔኑ ጮኸ» በማለት ጾም የሚጨምርበት ወይም በሰንሰለት የሚያስረው ሰው፥ ነፍስ አድናለሁ ሲል ሥጋን ይገድላል። ሐኪም ግን በየቀኑ በሚቀነስ ማስታገሻ ያንን ጭንቅ ያሳልፈዋል። ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም እንደ ነበረ እያወቁ ሐኪምን መናቅ ከየት የመጣ ትምህርት ነው? ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም በአንድነት እንዲወስዱ አስተምረዋል። ለዚያ ደዌ የተፈቀደው ለዚህ ስለ ምን ይከለከላል?

ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት በዓይደር መድኃኒት አልቆ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። በዚያ ጊዜ በጸበል ብቻ መጽናት ግድ ነበረ። ነገር ግን በችግር የተደረገ ሁሉ ሥርዓት አይሆንም።

ኋለኛውም ይስማ። ሥጋ በቀናት ቢነጻ ምኞት በወራትና በዓመታት ይመለሳል። ሐዘን ያስጠጣውን፥ ሥራ ማጣት ያስጠጣውን ሰው ክኒን ብቻ አያጽናናውም። ማልዶ የሚነሣበት ጸሎት፥ የማያሳፍረው የንስሐ አባት፥ ቀኑን የሚሞላለት ሥራ ያስፈልገዋል።

ነቀፋው ግን በሁለቱ ወገን ብቻ አያበቃም። ከጸበል የተመለሰውን ሰው በሳምንቱ ለዝክር ጠርቶ፥ «ስለ ጻድቁ ቅመስ» ብሎ ስዋ የሚቀዳለት ማን ነው? እንቢ ቢል «ኰራ» የሚለው፥ ቢወድቅ «ድሮም ሰካራም» የሚለው ማን ነው? ማኅበሩ አይደለምን? እንግዲህ በማኅበርና በተዝካር ማዕድ ገሾ ያልገባበት መጠጥ ይቅረብ፤ አጥማቂውም ሰካራሙን ከማጥመቁ አስቀድሞ ወደ ሐኪም ይላከው፤ ሐኪሙም ሲያሰናብተው ለንስሐ አባቱ ያስረክበው።

38 ዓመት የታመመው መጻጉዕ በመጠመቂያው አጠገብ ተኝቶ ነበር። ውኃው በፊቱ ነበረ፤ የጐደለው ወደ ውኃው የሚያደርሰው ሰው ነበረ። በቀዳማይ ወያነ ጐዳና ዳር የወደቀውም ውኃም መድኃኒትም በአጠገቡ አለ። ሰው ከታጣ ግን ጥፋቱ የወደቀው ሳይሆን አይቶ ያለፈው ነው።