ድመት ባለችበት ቤት ውሻ ሲመጣ



በግቢያችን አጥር ሌባ ከዘለለ ወዲህ «ውሻ እናምጣ» የሚለው ሐሳብ እኛ ቤት አሸነፈ። አያታችን ብቻ «ኧረ ሶላት የምንሰግድበት ቤት!» ብለው ተቃወሙ። በዚያ ላይ ሁለት ድመቶች አሉን።

የአያታችን ስጋት መሠረት አለው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ውሻ አፉን ያስገባበት ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን ጊዜ በአፈር እንዲታጠብ አዘዋል። በአንጻሩ ሰሓባው አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) ለውዱእ ከተቀዳላቸው ውሃ ድመት ልትጠጣ ስትመጣ ዕቃውን አዘንብለው አጠጥተዋታል፤ ነጃሳ አለመሆኗን ከነቢዩ ሰምተው ነበርና። በሻፊዒይ መዝሀብ ውሻ ነጃሳ ነው፤ በማሊኪይ ግን እንደዚያ አይታይም። ለከብትና ለእርሻ ጥበቃ፣ ለአደንም ውሻ መያዝ ተፈቅዷል፤ ቤት ጠባቂንም ብዙ ዑለማዎች በዚሁ ቂያስ ያዩታል። ስለዚህ ውሻው በደጅ፣ ድመቶቹ በቤት እንዲሆኑ ተስማማን። አያታችን ዝም አሉ፤ ይሁንታ ይሁን ኩርፊያ እስከ ዛሬ አልለየንም።

ጥፋቱ የተሠራው በመጀመሪያው ቀን ነው። ልጆቹ «ይተዋወቁ» ብለው እንስቲቱን ድመት አቅፈው ከቡችላው አፍንጫ ሥር አቀረቧት። የልጁን ክንድ ቧጭራ ጣራ ላይ ወጣች፤ አራት ቀን አልተመለሰችም። የስድስት ዓመቷ ልጃችን መግሪብ በደረሰ ቁጥር ወተት በሳህን ይዛ አጥር ሥር ትቆም ነበር። እኛም ትልልቆቹ ዓይኗን ለማየት አፈርን።

ድመት መሸሻ ስታጣ ነው የምትቧጭረው። አልሐምዱሊላህ ስትመለስ ነገሩን እንደ አዲስ ጀመርነው። ጎረቤታችን «ጓዳ ቆልፉባት» ብለው መክረውን ነበር፤ ድመት አስራ በረሃብ ስለገደለችው ሴት የተነገረውን ሐዲስ የሚያውቅ ሰው ግን እንዲህ ያለውን ምክር በቀላሉ አይቀበልም። የሚለይ እንኳ ቢሆን ምግብ፣ ውሃና የአሸዋ ሳጥን ያስፈልጋታል። እኛ ቡችላው የተኛበትን የጆንያ ቁራጭ ከምግቧ ራቅ አድርገን አስቀመጥን፤ በየቀኑም ጥቂት አቀረብነው። ከሳምንት በኋላ በበሩ ፍርግርግ እንዲተያዩ አደረግን። የሚታሰረው ቡችላው ነው እንጂ እሷ አይደለችም፤ ከፍ ያለ መስኮትም ክፍት ተውንላት። ቡችላው ዓይኑን ተክሎባት ሲደነድን በስሙ እንጠራዋለን፣ ፊቱን ሲመልስ ቁራሽ ሥጋ እንሰጠዋለን። ማሳደድ አንዴ ከጣመው ማስተው አስቸጋሪ ነው። ቡችላ ከ3 እስከ 14 ሳምንት ባለው ዕድሜው ሌላውን ፍጡር በቀላሉ ስለሚለምድ በዚያን ጊዜ ማስተዋወቁ ይመረጣል።

ቋንቋቸውም አይገጥምም። ውሻ ጭራውን ሲቆላ አብዛኛውን ጊዜ ደስ ብሎት ነው፤ ድመት ጭራዋን ስታወናጭፍ ግን ተናዳለች ማለት ነው።

የልጁን ክንድ ነገር ቀለል አድርገን አላለፍነውም። የእብድ ውሻ በሽታ ድመትንም ይይዛል። ንክሻ ወይም ቡጭሪያ ሲያጋጥም ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብና ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። ውሻም ድመትም ከ3 ወር ዕድሜያቸው ጀምሮ ይከተባሉ፤ የእኛዎቹ ድመቶች ግን የተከተቡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

አሁን እንስቲቱ ከቡችላው ፊት እያዛጋች ታልፋለች። ሽማግሌው ድመት ግን ግቢውን አይረግጥም፤ ጎረቤት የሚሄደው በጣራ ነው።