«የጨዋታ ጊዜያችሁ አልፏል» ለምትሉን

አባቶቻችን፣ እናቶቻችን፣ ሽማግሎቻችን፦

ሰሞኑን በሠርግ ቤትም፣ በለቅሶ ቤትም፣ በማትናስም አንድ ወሬ እየዞረ ነው። «እነዚያ ሽበት ያበቀሉ የልጆች አባቶች ማታ ማታ ጎማ ያለው ጫማ አድርገው ጣዬሌት ላይ ይሮጣሉ፤ ምን ነካቸው?» ይባላል። አንዳንዶቻችሁ ስቃችሁ አለፋችሁ። አንዳንዶቻችሁ ግን ሚስቶቻችንን ጠርታችሁ «ምከሪው እንጂ» ብላችኋል። አንድ አባት ደግሞ በሰው ፊት «የጨዋታ ጊዜያችሁ አልፏል፤ ቤተሰባችሁን አታሰድቡ» አሉን። ለታላቅ ፊት ለፊት መልስ መስጠት ነውር ስለሆነ ዝም ብለን ሰማናቸው። ዝም ስንል ግን ጥፋታችንን ያመንን መሰለ። ስለዚህ መልሳችንን እዚህ እንጽፋለን።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንንገራችሁ። ጫማው ሮለርብሌድ ይባላል። ከሥሩ አራት ጎማ በአንድ መስመር ተደርድሮበታል፤ በአንደኛው ተረከዝ በኩል ለማቆሚያ የሚሆን ላስቲክ አለው። እኛ ሰባት ነን። ትንሹ 41፣ ትልቁ 49 ዓመቱ ነው። አውቶቡስ የሚነዳ አለ፣ ነርስ አለ፣ ኤሌክትሪክ የሚሠራ አለ፣ አስተማሪ አለ፣ በማኅበራዊ ሥራ የምንሠራም አለን። ሐሙስ ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ ወጥተን አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ሄደን እንመለሳለን። ሐሙስን የመረጥነው ዓርብ ለሰንበት መዘጋጃ ስለሆነ ነው። ሰንበትን አንሽርም። በዮም ኪፑር መኪና ሲቆም ጎዳናው በብስክሌትና በጎማ ጫማ በሚሄዱ ልጆች እንደሚሞላ፣ ያንን ስታዩም እንደሚያማችሁ እናውቃለን። እኛ በአስተስርዮ ቀን ጫማውን አንነካውም። ይኸው ነው፤ የተደበቀ ነገር የለውም።

እንግዲህ «የጨዋታ ጊዜያችሁ አልፏል» ወደሚለው እንምጣ። እኛ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ መቼ ነበር ያለፈው?

ከመካከላችን ገሚሱ በሙሴ ዘመቻ በ1984ና በ1985 በሱዳን በኩል የመጣ ነው። ገሚሱ በሰሎሞን ዘመቻ በግንቦት 1991፣ ከ14 ሺህ በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከአዲስ አበባ ሲወጣ አብሮ የመጣ ነው። እዚህ ከደረስን በኋላ ዕብራይስጡ ለእኛ ለልጆቹ ቶሎ ገባን፤ ለእናንተ ግን ቀስ አለ። ያኔ እኛ የቤቱ አፍ ሆንን። ከባንክ የመጣ ደብዳቤ እኛ አነበብን። የመንግሥት ፎርም እኛ ሞላን። ኩፓት ሖሊም ሄደን ሮፌው እናታችንን የሚጠይቃትን፣ ልጅ ከእናቱ ጋር ሊያወራው የማይገባውን ነገር፣ በ10 ዓመታችን እኛ ተረጎምን። አስተማሪ አባታችንን ሲጠራው ስለ ራሳችን የተባለውንም የተረጎምነው እኛው ነን። በዚያ ዕድሜ ስለ ኪራይና ስለ ዕዳ እናውቅ ነበር። ማታ አልጋ ላይ ሆነን ነገ ማንን ይዘን የት እንደምንሄድ እናስብ ነበር።

ይህን የምናነሣው ልንወቅሳችሁ አይደለም። ሌላ ሰው አልነበራችሁም፤ እናንተም የተሸከማችሁት ከእኛ የባሰ ነበር። የምንለው ግን በ10 ዓመታችን ትልቅ ሰው ያደረገን ኑሮ ነው፤ በ45 ዓመታችን ደግሞ «ለጨዋታ ትልቅ ሆናችኋል» ስትሉን ሒሳቡ አልገጥም ይለናል።

በካራቫን ሰፈር ሳለን ለሰባት ልጅ አንድ ጥንድ ሮለርብሌድ ነበረን፤ ሰው የጣለው ነው። አንዱ ግራውን፣ ሌላው ቀኙን አድርጎ እጅ ለእጅ ተያይዘን እንሄድ ነበር። ከዚያ 13 እና 14 ዓመት ሲሞላን እንደ ብዙዎቹ የማኅበረሰባችን ልጆች ፕኒሚያ ተላክን፤ አንዱ ወደ ሰሜን፣ አንዱ ወደ ደቡብ። ከፕኒሚያ ጻባ፣ ከጻባ ሥራ፣ ከሥራ ትዳር። ስለዚህ ለእኛ ይህ ነገር አዲስ ቅብጠት ሳይሆን ያኔ የተቋረጠው ነው። ደግሞ ጫማው የልጅ መጫወቻ ሆኖ አልተስፋፋም። በ1980 በአሜሪካ በሚኒሶታ የበረዶ ሆኪ የሚወዱ ሁለት ወንድማማቾች፣ ተጫዋቾች በረዶ በሌለበት ወራት እንዲለማመዱበት ብለው ነው መሸጥ የጀመሩት።

ደግሞም ከጥቅምት 2023 ወዲህ በእኛ ዕድሜ ያሉ ስንቶች ለሚሉዊም ተጠሩ? ያኔ «አርጅታችኋል፣ ጉልበታችሁ አይችልም» ያለን ሰው የለም። መሣሪያ ለመሸከም ያላረጀ ጉልበት ከጓደኛ ጋር ለመሄድ አረጀ ይባላል?

ሁለተኛው ነቀፋ ነውር ነው የሚለው ነው። ነውርን ከእናንተ ነው የተማርነው፤ አናቃልለውም። ግን እናንተው ስለ ጎንደር ስትነግሩን በሠርግ ጊዜ ፈረስ የሚጋልበው፣ ጉግስ የሚጫወተው ጎልማሳ ነበር ብላችሁናል። ከፈረስ የወደቀ ጎልማሳ ተነሥቶ አቧራውን ሲያራግፍ እልል ይባልለት እንደነበር ነግራችሁናል። ዛሬም በሠርግ ላይ የ70 ዓመት አባት እስክስታ ሲወርድ ሁላችንም ቆመን እናጨበጭባለን። ታዲያ የአባት ትከሻ ሲንቀሳቀስ ደስታ፣ የልጁ እግር ሲንቀሳቀስ ነውር የሚሆነው በየትኛው ሥርዓት ነው?

ነውር የሚባል ነገርማ አለ፤ አብረን እንየው። ባለፉት 20 ዓመታት ከልጅነት ጓደኞቻችን ጋር የት ነበር የምንገናኘው? ለቅሶ ቤት። ከዚያ ሠርግ። ከዚያ ደግሞ ለቅሶ ቤት። በሠርግ ላይ ሙዚቃው አያስሰማም። በለቅሶ ላይ «እንዴት ነህ?» ሲሉህ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለህ ፕላስቲክ ወንበርህ ላይ ትቀመጣለህ። የራስህን ጉዳይ አታነሣም፤ የሰው ሐዘን ነዋ። እንዲህ ሆነን አንዱ የሌላውን ልጆች ስም እንኳ ሳናውቅ ኖርን። ወንድም ያልነው ሰው የሚኖርበትን ፎቅ ያወቅነው አባቱ ሲሞቱ ነው። ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ብላችሁ አሳድጋችሁን፣ ሰው የምናገኘው ሰው ሲሞት ብቻ ሆነ።

በማኅበራዊ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ደግሞ የምናየውን እንናገር። የእኛ ማኅበረሰብ ወንድ ቢሮ አይመጣም። ሚስቱ ትመጣለች፣ እናቱ ትመጣለች። እሱ የሚመጣው ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው፤ ትዳሩ ከፈረሰ፣ ዕዳው ከተቆለለ፣ መጠጡ ከበረታ በኋላ። ከመምጣቱ በፊት ያለፈም አለ፤ የምንለውን ታውቃላችሁ። ወንድ ልጅ ይችላል፣ ወንድ ልጅ ሆዱ ሰፊ ነው ተብሎ ስላደገ ይችላል፣ ይችላል፣ አንድ ቀን አይችልም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ትሉ የለ? ታዲያ ወንዶቻችን በሽታቸውን የሚገልጡበት ቦታ የት ነው?

ከሰባታችን አንዱ ፈቅዶልን የምንጽፈው ነገር አለ። ከሥራ ከተባረረ አራት ወር ሆኖት ነበር። በየጠዋቱ የሥራ ልብሱን ለብሶ፣ ምግቡን ይዞ ከቤት ይወጣና አውቶቡስ ጣቢያ ሲቀመጥ ይውላል። ሚስቱ አታውቅም። እናቱ አታውቅም። በእነዚያ አራት ወራት ሁለት ለቅሶና አንድ ሠርግ ላይ አግኝተነዋል፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎናል። የነገረን ጎማ ላይ ሆነን ነው። ጎን ለጎን ስትሄድ ዓይን ለዓይን አትተያይም፤ እግርህን ትጠብቃለህ፣ አፍህ ይፈታል። ያን ማታ ከእሱ ጋር ተቀምጠን ለሚስቱ እንዴት እንደሚነግራት ተመካከርን። ነርሱ ጓደኛችን በሥራው ቦታ ሰው እንደሚፈለግ ሰምቶ ነበርና ወሰደው። ዛሬ ይሠራል። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ እሱ ሊቀርበት የነበረው ግን ከሹመት የበለጠ ነው።

ሦስተኛው «አጥንታችሁ ይሰበራል» የሚለው ነው። ይህ ከፍቅር የመጣ ስለሆነ በቁም ነገር እንመልሳለን። አዎ፣ ይወደቃል። በዚህ ጫማ ሲወደቅ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው የእጅ አንጓ ነው፤ ሰው ሲወድቅ እጁን ስለሚዘረጋ። ስለዚህ የእጅ አንጓ፣ የክርንና የጉልበት መከላከያ፣ በራስ ላይም ቆብ ሳያደርግ ማንም አብሮን አይሄድም። ጉልበት ማጠፍን፣ ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ፊት በመከላከያው ላይ መውደቅን አስቀድመን ተለማምደናል። ቁልቁለትና መኪና ያለበት መንገድ አንገባም።

ግን እናንተም ስለ ሌላው ስብራት አስቡ። የእኛ ሰው ከኢትዮጵያ ሲመጣ ስኳር በሽታ በመካከሉ ብርቅ እንደነበረ፣ እዚህ ከኖረ በኋላ ግን እየበዛ እንደሄደ ሐኪሞች ጽፈዋል። እናንተ ውሃ ለመቅዳትና ገበያ ለመድረስ ዳገት ቁልቁለቱን በእግራችሁ ስትሉት ኖራችሁ። እኛ ከአልጋ ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ወንበር ነን፤ በዚያ ላይ ነጭ ዳቦና ጣፋጭ መጠጥ። የዓለም የጤና ድርጅት አንድ ትልቅ ሰው በሳምንት ቢያንስ ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ያድርግ ይላል። የሐሙሱ 90 ደቂቃ ነው፤ ቀሪውን በእግር እንሞላለን። ሮፌው «ተንቀሳቀስ» ሲለን አሜን ትላላችሁ። ስንንቀሳቀስ ደግሞ ትስቃላችሁ።

አራተኛው «ቤታችሁ ልጅ አለላችሁ» ነው። አለን። ከሳምንት ውስጥ አንድ ማታ ነው የምንወጣው፤ እሱንም ከሚስቶቻችን ጋር ተነጋግረን ነው፤ እነሱም የራሳቸው ማታ አላቸው። ቡና ላይ ተሰብስባችሁ ሦስተኛው እስኪጠጣ ስትቀመጡ ልጅ ትታችሁ ሄዳችሁ አይባልም። ልጆቻችንም አባታቸው ጓደኛ እንዳለው ማየታቸው ትምህርት ነው። ከስልክ ጋር ብቻውን የሚቀመጥ አባት ያየ ልጅ እሱም ከስልክ ጋር ብቻውን ይቀመጣል።

አምስተኛውን በአፋችሁ አትሉትም፤ ግን እናውቀዋለን። ማታ፣ ውጭ፣ ጥቁር ወንዶች ተሰብስበው። ከ2019ኙ ሰልፎች በኋላ፣ ከዚያም በፊት፣ ልጅ ማታ ሲወጣ የእናት ሆድ እንዴት እንደሚላወስ እናውቃለን፤ እኛም አሁን ወላጆች ነን። ነገር ግን የፍርሃቱ መድኃኒት ቤት መዝጋት ከሆነ ጣዬሌቱን ለሌላው ለቀቅንለት ማለት ነው። በቴል አቪቭ ማክሰኞ ማታ ብዙ ሰው፣ ሽበት ያለውም የሌለውም፣ በዚህ ጫማ ከተማውን አብሮ ይዞራል፤ ማንም «እናንተ እነማን ናችሁ?» አይለውም። እኛም የዚህ አገር ሰዎች ነን። በመብራት፣ በአደባባይ፣ ስማችንን እየተጠራራን እንሄዳለን።

አሁን የምንለምናችሁን እንንገር። ስድብ አይደለም፤ ልመና ነው።

አንደኛ፣ ሚስቶቻችንን አትጥሩ። የምትሉት ካለ ለእኛ በሉን።

ሁለተኛ፣ ሁለት እህቶቻችን ከእኛ ጋር ሊጀምሩ ፈልገው «ለወንዶቹ እንዲህ ከተባለ ለእኛማ ምን ሊባል ነው» ብለው ቀርተዋል። እኛን በሣቅ ታልፉናላችሁ፤ ሴት ከሆነች ግን ስሟ ይነሣል። የእነሱም ልብ ይደክማል፣ እነሱንም ስኳር ይይዛቸዋል። ይህን ወሬ ማቆም የምትችሉት እናንተ ብቻ ናችሁ። ሽማግሌ «ይሂዱ» ካለ ማን ይናገራል?

ሦስተኛ፣ እናንተም ውጡ። ጎማ አድርጉ አላልንም! ለእናንተ ዕድሜ የጤና ባለሙያዎች ከእግር ጉዞው ሌላ የሚዛን ልምምድ በሳምንት ሦስት ቀን ይመክራሉ፤ እንዳትወድቁ ማለት ነው። ጠዋት ጠዋት አራት አምስት ሆናችሁ ጣዬሌት ላይ ብትሄዱ፣ ለቅሶ ሳትጠብቁ ትገናኛላችሁ። ጉልበቱን የሚያመው ካለ አግዳሚ ወንበር አለ።

ሐሙስ ማታ ከመናፈሻው በር ነው የምንነሣው። ቡና በፔርሙስ እኛ እንይዛለን። ከሩቅ ከምትሰሙ መጥታችሁ እዩን፤ ካያችሁን በኋላም ነውር ነው የምትሉ ከሆነ እዚያው፣ በፊታችን ንገሩን። ተቀምጠን እንሰማችኋለን።